ደሴ ላይ ላይብረሪ ወይስ ዋይፋይ? ብሩ አለ፣ ስምምነቱ የለም

የጦሳ ሥር ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡10

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አብረን የተማርን አሥራ አራት ጓደኛሞች ነን። ግማሾቻችን አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ጅዳ፣ የቀረነው እዚሁ ደሴ ነን። ሁለት ዓመት በየወሩ ስናዋጣ ቆይተን አሁን 420 ሺህ ብር ደርሷል። ሐሳባችን ሰፈራችን ያለችውን የንባብ ክፍል ማደስ ነበር። ቆርቆሮዋ ያፈሳል። ወንበሮቿ ግማሾቹ እግር የላቸውም። መጻሕፍቱን ከሰው ይልቅ አይጥ ነው የሚያገላብጣቸው።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ተሰበሰብን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ተጣላን። አንዱ ጓደኛችን (ስሙን አልጠራም፣ እዚህ እንደሚያነብ አውቃለሁ) «በዚህ ዘመን ላይብረሪ መሥራት ባጃጅ በሞላበት ከተማ ጋሪ መግዛት ነው» አለ። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፣ ብሩን ዋይፋይ እንትከልበት ነው የሚለው። ሦስት ሰው ወዲያው ደገፈው።

እኔ የልጅነት ክረምቴን ያሳለፍኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። ግን በትዝታ ብቻ 420 ሺህ ብር አይወጣም። እስኪ ሳታፍሩ ንገሩኝ። ላይብረሪ ዛሬ ለምን ይጠቅማል?

—

ኮደሩ ከኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ 9፡32

ጓደኛህ ልክ ነው። ይቅርታ አርግልኝ።

እኔ ሙያዬን የተማርኩት በቪዲዮና በፒዲኤፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ላይብረሪ የምገባው ለሁለት ነገር ነበር። አንድ፣ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ። ሁለት፣ ልተኛ። በእኛ ሙያ መጽሐፍ ታትሞ እዚህ እስኪደርስ ያረጃል። አንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ ሺህ መጽሐፍ ይገባል። የእናንተ ክፍል ስንት ትይዛለች? አምስት መቶ?

ትዝታውን ፎቶ አንስተህ ያዘው። ብሩን ግን ለሚሠራ ነገር አውለው።

—

ነገ ማትሪክ፣ ቅዳሜ 10፡05

እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ። ስለ እኛ እያወራችሁ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ብዙዎቻችን ጋ መጽሐፉ በወረቀት አልደረሰም። በፒዲኤፍ ነው የያዝነው። እሺ፣ በምን ላንብበው? ያለን ስልክ የእናቴ ነው። የማገኘው ማታ ከሥራ ስትመጣ ነው፣ እሱንም ከወንድሜ ጋር ተሻምቼ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። የፊዚክሱን ግራፍ በጣቴ እየጎተትኩ ነው የማየው። ግማሹን ሳየው ግማሹ ይሸሻል። በመሐል ሜሴጅ ይገባል፣ ከዚያ ቪዲዮ ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ሰዓት የት እንደሄደ አላውቅም። ሐቁን ነው የምናገረው።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ስድስት ነን። ቴሌቪዥን አለ፣ ሕፃን አለ፣ እንግዳ አይጠፋም። ስለዚህ ላይብረሪ የምሄደው መጽሐፍ ፍለጋ አይደለም። የራሴን ደብተር ይዤ ነው። የምፈልገው ጠረጴዛ፣ መብራትና ዝም የሚል ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ካልደረስኩ ወንበር አላገኝም። ማንም አይጠቀምበትም የምትሉ ሰዎች አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ተሰለፉ።

—

ኮደሩ ከኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ 10፡11

አንቺ ያልሽው ገብቶኛል እህቴ፣ አልቀልድም። ግን የምትፈልጊው ወንበር ነው። ይሄ የጥናት ክፍል ይባላል። መጽሐፍም ላይብረሪያንም አያስፈልገውም። ጥሩ መብራት፣ ሃምሳ ወንበር፣ ዋይፋይ፣ አለቀ።

—

ጨዋታ አዋቂ፣ ቅዳሜ 10፡15

ዋይፋዩን ትከሉና ሃምሳ ልጅ አንገቱን ደፍቶ «ሲያጠና» አሳያችኋለሁ። ጸጥታው ግን ግሩም ይሆናል።

—

አስተማሪው (ውጫሌ)፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡20

የልጅቷን ነገር ሳላልፈው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.2 በመቶ ነው። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ላይብረሪ በማጣት ብቻ ነው አልልም። ግን ተማሪ ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን የመጣ ውጤት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«ላይብረሪያን አያስፈልግም» የምትለዋ ላይ ግን ከኮደሩ ጋር አልስማማም። እኔ የማስተምረው ውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ውሉ የተፈረመባት ውጫሌ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ስለ አንቀጽ 17 ጽፋችሁ ኑ እላለሁ። አርባ ልጅ አርባ ወረቀት ያመጣል። ሠላሳ አምስቱ ቃል በቃል አንድ ነው፣ ከአንድ ገጽ የተቀዳ። ስሕተቱም አንድ ነው፤ አንዱ የቁጥር ስሕተት ሠላሳ አምስት ጊዜ ተደግሞ ይመጣል።

አንድ ዓመት የአማርኛውንና የጣልያንኛውን ቃል ከነትርጉሙ ጎን ለጎን ያተመ መጽሐፍ ከደሴ ተውሼ አመጣሁ። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ክፍሉ ተነሣ። «ቲቸር፣ ማነው የዋሸው? ተርጓሚው ማነው?» ብለው አፋጠጡኝ። ያን ቀን ደወሉ ተደውሎ እንኳ አልወጡም። ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ የለም አይደለም፣ አለ። ግን መኖሩን ያላወቀ ልጅ ምን ብሎ ይፈልገዋል?

—

ጡረተኛዋ ላይብረሪያን፣ ቅዳሜ ምሽት 2፡45

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ልጄ ናት ይህን ከፍታ ያሳየችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በላይብረሪ ሠርቻለሁ። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ታገሡኝ።

ኮደሩ ልጄ፣ ያልከው እውነት አለበት። መጽሐፉ ያረጃል። እኛም ጥፋት ነበረብን። እኔ የሠራሁበት ቤት መጽሐፍ ከሚወጣ ይልቅ ተቆልፎ ቢቀመጥ የሚመርጥ አለቃ ነበረው። «ቢቀደድስ? ቢጠፋስ? ማን ይጠየቃል?» ይላል። ንብረት በስሜ ነው፣ ከጎደለ ከደመወዜ ይቆረጣል። ታዲያ ላይብረሪያኗ ብትኮሳተር ይፈረድባታል? መጻሕፍቱ የማይነበቡት ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ቁልፍ ነው የሚጠፋው።

ስለ ሥራው ግን ልንገራችሁ። መጽሐፍ ስንደረድር ለየጉዳዩ ቁጥር አለው። 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። 297 እስልምና። አንድ ልጅ መጥቶ «ላሊበላ» ይላል፤ የቤት ሥራ ነው። 963 ጋ እወስደውና አቆመዋለሁ። ላሊበላን አውርዶ ከጎኑ ስለ ዓድዋ ያያል፣ ከሥር ስለ መቅደላ ያያል። የቤት ሥራውን ረስቶ እዚያው ቁጭ ይላል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ስንት ልጆች አውቃለሁ።

ሌላም አለ። አንዲት እናት መጣች። ባሏ የስኳር በሽታ አለብህ ተብሎ መርፌ ተጀምሮለታል። አንዱ ቻናል ላይ «መርፌውን ጣሉ፣ ይህን ቅጠል ጠጡ» የሚል አንብባ ልታስቆመው ነው። መጽሐፍ አለ ወይ ብላ ነው የመጣችው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የጤና ቢሮ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ነበረችን፣ ቁጭ ብለን አብረን አነበብናት። ከዚያ «ለማንኛውም መርፌውን ሳታስቆሚ ሐኪሙን ጠይቂ» ብዬ ሸኘኋት። ያቺ መጽሐፍ ስልክ ላይ ብትኖርም ከሰማንያ የቅጠል ቪዲዮ ሥር ነው የምትገኘው። ያቺ ሴት የመጣችው ሰው ፍለጋ ነው።

—

የጦሳ ሥር ልጅ፣ ቅዳሜ ምሽት 3፡02

እትዬ፣ ኧረ ይጻፉ! እኛ እንታገሣለን። ስለ ቁልፉ ያሉትን ለጓደኞቼ አሁኑኑ ልኬዋለሁ።

—

ኮደሩ ከኮምቦልቻ፣ እሁድ ጠዋት 4፡15

ሌሊቱን አስቤበት አንድ ነገር ሞከርኩ። እየተከራከርኩ እንጂ እየተሸነፍኩ እንዳይመስላችሁ 😀

ፍለጋ ላይ «ጸሐይ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ፀሐይ»፣ ከዚያ «ፀሀይ»። በየሦስቱ የሚመጣው የተለያየ ነው። አንድ ሰው «መጽሐፍ»፣ ሌላው «መፅሀፍ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ቃል አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ እያላችሁ አባዙት። ፒዲኤፍ የሚባሉት የአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ አብዛኞቹ ፎቶ ናቸው። ውስጣቸው ያለ ቃል በፍለጋ አይገኝም። ያነሣቸው ልጅ አውራ ጣት ግን ጥርት ብሎ ይታያል። (ደራሲው ደግሞ ሳንቲም አያገኝም። የቅጂ መብቱ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምን እንደሚል አስተማሪው ይንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ጥፋተኛ ስለሆንኩ አልፋለሁ።)

ሁለተኛ፣ አንዱን ኤአይ «ስለ ንጉሥ ሚካኤል በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ንገረኝ» አልኩት። አምስት ርዕስ ከነደራሲውና ከነዓመተ ምሕረቱ ሰጠኝ። በጣም ቆንጆ ርዕሶች። ሦስቱን የትም አላገኘኋቸውም። «እርግጠኛ ነህ?» ስለው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሦስት ፈጠረልኝ።

እሺ፣ ላይብረሪያኗ ትኑር። አንድ ነጥብ ሰጥቻችኋለሁ።

—

ሐይቅ ዳር፣ እሁድ 5፡40

ጎበዝ፣ «የኢንፎርሜሽን ዘመን» ስትሉ ወሎ መረጃ ማከማቸት ትናንት የጀመረ አታስመስሉት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብትሉ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ተማሪ ሰብስበው መጽሐፍ ያስጽፉ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያው ተምረዋል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው ብራና ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። እትዬ ላይብረሪያኗ መዝገብ የሚሉት ማለት ነው። ምን አለን፣ ምን ተሰጠን፣ ተብሎ የተቆጠረ።

ለኮደሩ የሚሆን ወሬም አለኝ። ያን ወንጌል ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጦ ብዙው አሁን በኢንተርኔት ይታያል። እኔ ራሴ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ የሐይቅን ወንጌል በስልኬ አይቻለሁ። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እኅቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በዚያ ስልክ ነው። ስለዚህ ስልክ ጠላት አይደለም። ግን ፊልሙን የሚያነሣው ሰው ሲመጣ የሚነሣ ነገር የተገኘው፣ አንድ ዕቃ ቤት ያለ መነኩሴ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ለሚቀጥለው መነኩሴ እያስረከበ ስላቆየው ነው።

—

ከተንታ፣ እሁድ 6፡30

ሐይቅ ዳር ካነሣው እኔም መቅደላን ላንሣ፤ ሰፈሬ ስለሆነ አይፈረድብኝም።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ወደ ሺህ የሚጠጉ ብራናዎች ሰብስበው ነበር። ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ናቸው፤ እሱም ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ የተወሰደበት ደብር አልተደሰተም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ሞቱ፣ እንግሊዞች ገቡ። ከጦሩ ጋር ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው ነበር፤ ሥራው ዕቃ መምረጥ ነው። የተዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ አውጥተው ተጫረቱበት። አስቡት፣ ደላንታ ላይ፣ የእኛ ምስር ማሳ ላይ! 350 የሚሆኑ ብራናዎች እንግሊዝ ገብተው ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። አፄ ዮሐንስ በደብዳቤ ጠይቀው አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመልሶላቸዋል። አንድ።

ከብራናዎቹ ብዙዎቹን ፎቶ አንሥተው ኢንተርኔት ላይ አድርገዋቸው ነበር። «በቃ፣ ከተንታ ሆናችሁ ታዩታላችሁ» ይሉናል። ጥቅምት 2016 ላይ ግን ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ካታሎጉም የብራናዎቹ ፎቶም ለወራት ጠፋ። ለንደን ያለው አንባቢ ቢያንስ ብራናው ሕንፃው ውስጥ እንዳለ ያውቃል። እኔ ግን ያለችኝ ፎቶዋ ነበረች፤ እሷም ሄደች። የመቅደላ ልጅ ሁለቴ ተዘረፈ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም።

—

የሸሁ የልጅ ልጅ፣ እሁድ 7፡15

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ስለ ብራና ካወራችሁ የእኛንም ጨምሩ። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ፣ እነዚህ ቦታዎች ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። ደረሳው (ተማሪው) ከየት ከየት እየመጣ ተምሮባቸዋል። ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፉ ማለት ነው፣ በእጅ ይገለበጣል። መንዙማው አማርኛ ሆኖ በዐረብኛ ፊደል ይጻፋል፣ አጀሚ የምንለው። ይህ ሁሉ ዛሬ የት አለ? በየሰዉ ቤት፣ በቆዳ ተለብጦ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር።

አያቴ ሲሞቱ አንድ ሣጥን ኪታብ ቀረ። አጎቴ በረካ ነው ብሎ አላስነካም አለ፤ ይገባኛል፣ አልፈርድበትም። በሦስተኛው ክረምት ስንከፍተው ከታች ያለው ግማሹ ውሃ ገብቶበት አንድ ላይ ተጣብቋል። ወላሂ እንደ ቂጣ ነው የሆነው። አሁን ያን ጽሑፍ የትኛው ጎግል ያመጣልኛል? ማንም አልገለበጠውም፣ ማንም ፎቶ አላነሣውም። አያቴ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

ስለዚህ ከ420 ሺው አንድ ካሜራ፣ የማይዝግና የማያፈስ አንድ ቁም ሣጥን አስቡ። ኪታቡን ከባለቤቱ አንወስድም፤ ይምጣ፣ ይነሣ፣ ይመለስ። ካህኑም ሸሁም የሚያምኑት ቦታ መሆን አለበት። ወሎ ውስጥ ይህ ይከብዳል? በፍጹም አይከብድም፤ ሠርጉንም ለቅሶውንም አንድ ላይ አይደል የምንውለው?

—

መርሳ፣ እሁድ 8፡00

ማንም ያላነሣት ነገር። የሰሜኑ ጦርነት እዚህ ሲደርስ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየን። «ሁሉም ስልክ ላይ አለ» የሚለው ያኔ የት ነበር? ልጆቼ እንደገና ያነበቧቸው አሮጌ መጽሔቶችን ነው። በርግጥ የአንዳንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍትም በዚያው ጦርነት ተቃጥለዋል፣ ተበትነዋል። ወረቀትም ዋስትና የለውም። እኔ የምለው ሁለቱም ይኑር ነው።

—

ወሎዬ በዋሽንግተን፣ እሁድ ምሽት 1፡10

ሰላም ያገሬ ልጆች! እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነው ያነበብኩት። እኔ እዚህ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት በኩል ሁለት ሺህ መጽሐፍ ማሰባሰብ እችላለሁ። ኮንቴይነር ሞልቼ ልላክላችሁ? የማጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።

—

ጡረተኛዋ ላይብረሪያን፣ እሁድ ምሽት 1፡55

ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ኮንቴይነር አትላክ።

አትቀየመኝ። ሠርቼበት ስላየሁ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ስጦታ መጣልን፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን። ስንከፍተው የውጭ አገር የግብር ሕግ፣ የ1980ዎቹ የኮምፒውተር መመሪያ፣ የበረዶ ላይ ሸርተቴ። ሸርተቴው አራት ቅጂ ነው። መጣል አይቻልም፣ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል። ማንም አያነበውም፤ ሼልፉን ይዞ ተቀመጠ። የአማርኛ ልብ ወለድ የምናስቀምጥበት አጣን። ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ሕፃናት ጋ የወሰዱት ሰዎች የተሳካላቸው፣ ለሕፃኑ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ አብረው ስላሳተሙ ጭምር ነው።

መርዳት ከፈለግህ ብሩን ላክና እዚህ እንግዛ። የመማሪያ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ።

—

አራዳ ደሴ፣ እሁድ ምሽት 2፡20

ከርዕስ ልውጣና፣ አዲስ አበባ አብርሆት ላይብረሪን አይታችሁታል? በ2014 የተከፈተው፣ አራት ኪሎ ያለው። ባለፈው ገብቼ ነበር። እኔ ያየሁት ሕዝብ አብዛኛው የራሱን ደብተር ዘርግቶ የሚቸክል ተማሪ ነው። ያን ሁሉ ሕንፃ አቁመው ልጁ ያለው «ጠረጴዛ ስጡኝ» ነው። የማትሪኳ ልጅ ትክክል ናት።

—

ኮደሩ ከኮምቦልቻ፣ እሁድ ምሽት 3፡30

በቃ፣ ሰላም እናውርድ። አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይዤ መጣሁ።

ዋይፋይ ስንል ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ገዝተን ክፍሉ ውስጥ እናስቀምጣለን። የመማሪያ መጽሐፉ ፒዲኤፍ ሁሉ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ሙሉ ዊኪፔዲያ እሷ ላይ ይጫናል። ልጁ በስልኩ ከእሷ ጋር ይገናኛል፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ካርድ አይበላም። ቲክቶክም የለም 😀 የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ ነው፣ እሱን አልዋሽም፤ የእንግሊዝኛው ግን ይጠቅማል። ሸሁ ቤት የሚነሣው ኪታብም እሷው ላይ መቀመጥ ይችላል፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታ። ብሪቲሽ ላይብረሪ የደረሰበት እንዳይደርስብን።

ገጠማውንና ጭነቱን በነፃ እሠራለሁ። ባትሪና ሶላር ግን ግዙ።

—

የማትሪክ ልጅ እናት፣ እሁድ ምሽት 3፡50

የልጄን ስልክ (የእኔን ማለቴ ነው) ይዤ ነው የምጽፈው። ስለ መጽሐፉ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የምጠይቀው ስለ ሰዓቱ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉት 11 ሰዓት ተኩል ይዘጋሉ። ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ያኔ ነው። እሁድም ዝግ ነው። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከተከፈተ ደግሞ ሴት ልጅ በጨለማ እንዴት ትመለሳለች? በር ላይ የታወቀ ጥበቃ አለ? መንገዱ መብራት አለው? ሽንት ቤቱስ ይቆለፋል? እኔ ለልጄ እሺ የምላት ይህ ሲመለስልኝ ነው።

—

የጦሳ ሥር ልጅ፣ ሰኞ ምሽት 2፡00

ዛሬ ከሥራ በኋላ ሦስታችን ሄደን ክፍሏን ለካን። ኮደሩም ከኮምቦልቻ መጣ (በአካል ሲታይ ከክርክሩ ይልቅ ጨዋ ነው)። እንዲህ ተስማማን።

ጣሪያውና መብራቱ ይቀድማል። አናጺው ለአርባ ወንበርና ለአሥር ጠረጴዛ የጠየቀው ከጠበቅነው በላይ ነው፤ ነገ እንከራከረዋለን። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ በወረቀት፣ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ይገዛል። የኮደሩ ኮምፒውተር ከነባትሪው። ለኪታቡና ለብራናው አንድ የብረት ቁም ሣጥን፤ ካሜራው ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል፣ የሸሁ የልጅ ልጅ ይቅር በለን፣ እስከዚያ በጥሩ ስልክ እናነሣለን። እናታችን ላነሡት፣ በር ላይ መብራት ይተከላል፣ ሽንት ቤቱ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሆናል፣ ሰዓቱ ከጠዋት 2 እስከ ምሽት 2፣ እሁድን ጨምሮ።

ችግሩ ቀጥሎ ነው። ይህን ሁሉ ደምረን የቀረው ብር የጥበቃውንና የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የሚችለው ለአምስት ወር ብቻ ነው። ወንበር ግዛ ስትለው ሁሉም ያዋጣል። «ለጥበቃ ደመወዝ» ስትለው ስልኩ አይነሣም።

—

ወሎዬ በዋሽንግተን፣ ሰኞ ሌሊት 6፡40

መጽሐፉን ከለከላችሁኝ አይደል? የጥበቃውንና የሠራተኛዋን የአንድ ዓመት ደመወዝ እኔ እችላለሁ። የኮንቴይነሩ ማጓጓዣ ከዚህ ይበልጥ ነበር፣ አሁን አሰላሁት።

—

ጡረተኛዋ ላይብረሪያን፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

ተባረክ ልጄ። ስምህን በር ላይ አንጽፍም፣ ሪባንም አንቆርጥም፣ ቅር ካላለህ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እኔ ያለ ክፍያ እቀመጣለሁ፤ የምትቀጠረውን ልጅ ላስተምራት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ንብረቱ በሠራተኛዋ ስም አይመዝገብ። መጽሐፍ ቢጠፋ ከደመወዟ እንዳይቆረጥ በወረቀት ጻፉልኝ። ያለዚያ እሷም እንደኔ ቁልፍ ወዳጅ ትሆናለች።

—

የጦሳ ሥር ልጅ፣ ማክሰኞ 2፡41

ተጽፎ ይፈረማል እትዬ።

—

ነገ ማትሪክ፣ ማክሰኞ ከሰዓት 10፡20

እና መቼ ነው የሚከፈተው? ፈተናችን ሰኔ ላይ ነው።

—

የጦሳ ሥር ልጅ፣ ማክሰኞ 10፡24

ቆርቆሮው ቅዳሜ ይወርዳል። ወንበሩ ባይደርስም ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። ለጊዜው በርጩማ ይዘሽ ነይ።